የወንድምሽ ጅምር ሰርቨር

ልጄ ጸደንያ ሆይ፣ የአባትሽ ሰላምታ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። እንደ ምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ስጦታው እንደ ምን አለ? ትንሿን ትርሲትን ጉንፋኑ ለቀቃት ወይ? እኔና እናትሽ በአምላክ ቸርነት በአካል ደኅና ነን፤ ልባችንም ደኅና ነው ብዬ ብጽፍ ግን እዋሻለሁ።

የወንድምሽ የአምላኩ ተዝካር በአርባኛው ቀን በሥርዓቱ ተፈጽሟል። ከመርጡለ ማርያምና ከጉንደ ወይን ዘመድ ሁሉ መጣልን። «ላፕቶፑን አደራ፣ ሰው እስክልክ አኑሩልኝ» ያልሽው መልእክት የደረሰኝ ግን የተቋረጠው የኢንተርኔት መስመር ተከፍቶ፣ ተዝካሩም ካለፈ በኋላ ነበር። እናትሽ የሟች ንብረት ለነፍሱ ይመጸወታልና ጋቢውን ለአንድ ችግረኛ፣ ላፕቶፑን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰጥታው ነበር። እነርሱም የነበረበትን ሁሉ ጠርገው ለትምህርት አዘጋጁት።

ላፕቶፑን ከእነርሱ ተውሼ ሞጣ ድረስ ወደ አምላኩ ጓደኛ ወደ ምንይሉ ሄድሁ። የተጠረገውን ለመመለስ ሲታገል ውሎ፣ «ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልችልም፤ ምንም አልተረፈም» አለኝ። ነገሩንም አስረዳኝ። የእህል ዋጋ የሚያሳውቀው የአንቺና የአምላኩ ድረ ገጽ ሁለት ወገን አለው፤ ሰው የሚያየው ፊቱ ያንቺ ነው፤ ከጀርባ ሆኖ ጥያቄ እየተቀበለ መልስ የሚያመጣው ሰርቨር የእርሱ ነበር። ሁለቱንም እንደ አንድ ጎተራ በአንድ የኮድ ማከማቻ እንድታኖሩ የወሰነው እርሱ ነው። «የአገሩ ርቀት አነሰንና ሥራችንን ደግሞ እንለያየው?» እያለ ያሾፍብሽ ነበር አሉ። መስመር በተዘጋበት ወራት የሠራውን ግን ወደ ማከማቻው መላክ አልቻለም።

እዚያ የተገኘው መጀመሪያ የላከው ብቻ ነው፤ አንድ ፎልደር፣ ጥቂት የማሰናጃ ፋይሎች፣ ሰርቨሩ መነሣቱን ለማረጋገጥ ያኖራት አንዲት መልስም። ምንይሉ አስነሥቶ ቢጠይቀው «አለሁ» የሚል ቃል ወጣ። ሌላ የሚያውቀው የለም። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስሁ።

እናትሽ ይህን አታውቅም። በቀደም ጎረቤታችን ፋንታ፣ «እትየ ካሰች፣ ያን ዕቃ ቢሸጡት እኮ በሬ ይወጣው ነበር!» ብሎ ቢቀልድባት፣ «ዝም በል አንተ! በሬ ፊደል ያስቆጥራል? የልጄ ሥራ እንደ ሆነ ከእኅቱ ዘንድ ነው፤ ሲደርስ አንተም ጤፍህን ሳትታለል ትሸጣለህ» አለችው።

የእርሱ ሥራ ከጠፋ የራስሽን ወገን ወደ ሌላ ማከማቻ እንደምታዛውሪ ጽፈሽልኛል። አታድርጊው። በአገራችን የሟች እርሻ በጅምር ሲቀር ወገን ገብቶ ይጨርስለታል እንጂ ድንበር አበጅቶ አይመለስም። አንቺም ጅምሩን ከዚያው ከስሙ ሥር ቀጥይው።

ሐሰት አትናገሩ እያልሁ ላሳደግኋችሁ ለእኔ ይህን መጻፍ ይከብደኛል። እናትሽ ምጽዋቱን ብታነሣብሽ፣ እሰይ፣ እግዚአብሔር ይቀበልልሽ ብቻ በያት። የአምላኩ ሥራ ደረሰ ወይ ብላ ስትጠይቅሽም፣ እየደረሰ ነው በያት፤ ቃልሽ ሐሰት እንዳይሆንብሽም ዛሬውኑ ጀምሪ።

ስጦታውን በእጅጉ ሰላም በይልኝ፤ የትርሲትን ጉንጭ ሳሚልኝ። ምንይሉ ከሞጣ እጅ ነሥቷል። እናትሽ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች።

አባትሽ አካለ ወልድ
ቢቸና፣ ኅዳር ፲፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.