ለእናትህ ያልመለስሁት ጥያቄ

ውድ ፈሀድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ወረታ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሾፌር ነው። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ ሳትል አትቀርም። ስልክ ላይ የምንባባለውን ግን አንተም ታውቀዋለህ። «ደህና ነሽ?» ትለኛለህ፤ «አልሀምዱሊላህ» እልሃለሁ። «አንተስ?» ስልህ አንተም «አልሀምዱሊላህ» ትላለህ፤ ከዚያ መንገዱ መከፈቱን ነግረኸኝ ትዘጋዋለህ። አላህን ማመስገን መልካም ነው፣ እኔም አመሰግነዋለሁ። እኛ ግን ቃሉን አፋችንን መዝጊያ አደረግነው።

ወንድምህ ሙሀመድአወል ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል። «ወይ ታረቁ ወይ በሰላም ተለያዩ፣ ዝም ተባብሎ ትዳር የለም» አለኝ። አልፈርድበትም። ልጃችንን ከቀበርህ ወዲህ የምታድረው ወረታ እሱ ዘንድ ነው፤ እዚህ የምትመጣው እንደ እንግዳ ነው። ሽማግሌዎቹ «ምን በደለሽ?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? አልመታኸኝም፣ አልሰደብኸኝም። ስለዚህ ከእነሱ በፊት አንተ ስማኝ።

ሱንዱስ፣ ያቺ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ሳይኮሎጂ የምትማረው የአክስቴ ልጅ፣ ልትረዳኝ ሞክራ ነበር። «ስሜትሽን በቃል ግለጪው» ብላ ወረቀት ላይ ክብ ሠራች፤ እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርጣም ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት እያለች ጻፈችበት። «የቱ ነው የሚሰማሽ?» ስትለኝ «ጨጓራዬ» አልኋት። እየቀለድሁ አልነበረም። እኛ ቤት ያዘነም፣ የተናደደም፣ የፈራም የሚያመው ጨጓራውን ነው። ልጅቱ እየሳቀች ሄደች፤ እኔም የጨጓራ መድኃኒቴን ዋጥሁ።

ባለፈው እሑድ ግን ጎረቤታችን እማማ ወለተ ሚካኤል፣ የቄሱ ባለቤት፣ ከቅዳሴ መልስ መጥተው «ነይ ንፋስ ተቀበይ» ብለው ሐይቁ ዳር ወሰዱኝ። ደንገሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«በእኛ ዘንድ ቢሆን አልቃሿ ሙሾ ታወርድልሽና አልቅሰሽ ይወጣልሽ ነበር» አሉኝ።

«በእኛ ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይወደድም» አልኋቸው።

«ታዲያ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ።»

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ «ያን ዕለት ምጥ ይዞሽ ስትጮሂ ሰምቼሻለሁ» አሉ። «ተኩሱ ደጃችን ላይ ነበር። ቄሱ በሩን ደግፈው ቆሙ። እኔም እመብርሃን ድረሽላት እያልሁ ተቀመጥሁ እንጂ አልወጣሁልሽም። ከዚያ የሕፃን ድምፅ ሰማሁ። ተገላገለች ብዬ ደስ አለኝ። ሬሳ ሲወጣ ሳይ ማንን እጠይቃለሁ? አንቺንማ በየት ዓይኔ አይቼ!»

ፈሀድ፣ እኔ ራሴ ሕልም ነው ማለት ጀምሬ ነበር። እሳቸው ከግድግዳው ማዶ ሆነው ሰምተዋታል። ልጃችን አልቅሳለች።

ሞታ አልተወለደችም። አንተ ባጃጅ ፍለጋ ከወጣህ በኋላ ምንጣፉ ላይ ብቻዬን ወለድኋት። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን ድምፅ ነበር። በሻሼ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አደረግኋት። ጣቴን ያዘችኝ። አፏን ከፈት፣ ከደን ታደርግ ነበር፤ እኔም «አባትሽ መጣ፣ አባትሽ መጣ» እላት ነበር። ከዚያ ጣቴን ለቀቀችው። አንተ ላብ አጥምቆህ ስትገባ «ዘገየሁ?» አልኸኝ። አዎ ልልህ ነበር። ፊትህን አይቼ ዋጥሁት።

ተኩሱ ጋብ ሲል እናትህና የመስጊዳችን ሼህ ሙአዊያ መጡ። ሼሁ ደጅ ሆነው ጠየቁ፤ ሕፃኗ አልቅሳ እንደሆነ ስም ይወጣላታል፣ የቀብር ሶላት ይሰገድባታል፤ ካላለቀሰች ግን ታጥባ፣ በከፈን ተገንዛ ብቻ ትቀበራለች። ጥያቄውን ይዘው የገቡት እናትህ ናቸው። አጠገቤ በርከክ ብለው «ሒክማዬ፣ አልቅሳ ነበር?» አሉኝ። አዎ ማለት ምን ይከብዳል ትለኝ ይሆናል። አዎ ካልሁ ግን አንተ ባጃጅ ፍለጋ የዞርህበትን መንገድ ዕድሜህን ሙሉ መልሰህ ስትዞረው ታየኝ። አፌ በለመደው ተከፈተና «አልሀምዱሊላህ» አልሁ። እናትህ ግንባሬን ሳሙኝ። «አላህ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ሰጥቷታል፣ ሌላ አትጠይቋት» ብለው ወጡ። አላለቀሰችም እንዳልሁ ተቆጠረ፤ አንተም ሳይሰገድባት ወስደህ ቀበርሃት።

አሁን የሱንዱስን ጥያቄ መመለስ እችላለሁ። ተቆጥቻለሁ። ትተኸኝ ስለወጣህ ተቆጥቼሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ ብታየኝም እቆጣህ ነበር። ሰማይ ሲነጎድ እፈራለሁ፤ የብረት በር ሲጋጭ ልብሴን ጨምድጄ እይዛለሁ። ጎረቤት ልጅ ሲያለቅስ ጡቴ ያመኛል። ይህን ለሴት እንኳን መናገር ያሳፍራል፤ ለአንተ ጻፍሁት። ከሁሉም የሚብሰኝ ደግሞ ከቀብር ስትመለስ የሆነው ነው። ጥፍርህ ውስጥ አፈር ነበር። ታጥበህ መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥህ፣ ምንም አልነገርኸኝም። እኛ ሴቶች ቀብር አንሄድም፤ እኔ ልጄ የት እንደተኛች አላውቅም። ከማን ጎን ነው? ጥላ አለው? ክረምት ውሃ ይተኛበታል? ልጠይቅህ እያልሁ «ሻይ ላፍላልህ?» አልሁህ። አንተም እንደፈረድሁብህ ቆጥረህ ይሆናል ወረታ የቀረኸው። እኔን ለማትረፍ ነበር የሮጥኸው፤ ያን አውቃለሁ። ቁጣዬ ግን ይህን ስላወቅሁ አልበረደም፤ ሁለቱም አብረው አሉ።

ሰኞ ዕለት ሼህ ሙአዊያ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። ለምን ደበቅሽ አላሉኝም። «አባቷ ይምጣ፤ ቀብሯ ላይ ቆመን እንሰግድባታለን፣ ይቻላል» አሉኝ። ከቤታቸው ስወጣ ደጃቸው ላይ ተቀመጥሁ። እዚያ ነው ድምፅ አውጥቼ ያለቀስሁት፤ የሰፈሩ ሰው አይቶኛል፣ እናትህም ሳይሰሙ አይቀሩም።

ከሽማግሌዎቹ በፊት ና። ይህን አንብበህ ልትጠላኝ ትችላለህ፤ እሱንም መጥተህ በአፍህ ንገረኝ፣ አልሀምዱሊላህ አትበለኝ። ልንለያይም ከሆነ አስቀድመህ ልጄ ዘንድ ውሰደኝ። ሴት አይገባም ካላችሁኝ አጥሩ ጋ እቆማለሁ።

ስም አውጥቼላታለሁ። ለሼሁም አልነገርኋቸው፣ እዚህም አልጽፈውም፤ አባቷ ነህና ቀድሞ የአንተ ጆሮ ይስማው። ቦታዋን አንተ ታውቃለህ። ስሟን እኔ አውቃለሁ።

ሒክማ
ሹም አቦ፣ ባሕር ዳር