አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰው ተከፍቷል

ውድ ወንድሜ፣ በረኛው፤

ይህን ደብዳቤ እማዬ ከሹራብህ ጋር ጠቅልላ እንደምታመጣልህ አውቃለሁ። ስልኬን ካላነሳህ ሃያ ሁለት ወር ሆነ። እማዬ ከአንተ ዘንድ በተመለሰች ቁጥር «እንዴት ነው?» እላታለሁ። «ደህና ነው፣ ሰዓት ይጠግናል» ትለኛለች፤ ከዚያ ወዲያ አትጨምርም። እኔም ገፍቼ አልጠይቃትም፤ ያጠፋሁት እኔው፣ በምን አፌ? ብቻ ሳያነበው እንዳይቀደው ለምኚልኝ ብያታለሁ። እሷ ደግሞ «ረጅም ከሆነ አያነበውም» አለችኝ። ረጅም ነው። ቻለው።

የምጽፍልህ ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። አንድ ጉድ አይቻለሁ። ካየሁት ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ግርምቱ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። መንገድ ላይ ትዝ ይለኛል፣ ሽንኩርት ስከትፍ ትዝ ይለኛል። ለሰው ልንገር ብዬ አፌን እከፍትና እተወዋለሁ፤ ልነግረው የምፈልገው ሰው አንተ ብቻ ነህና።

ጉዱን ከመንገሬ በፊት ግን ያን ቀን ማንሳት አለብኝ። እስከ ዛሬ እንደ ሰው ቁጭ ብዬ አውርቼህ አላውቅም።

መጋረጃውን ጋርደን፣ አንተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ከዚያ የጭነት መኪና አደጋ በኋላ ተቆርጣ የቀረችውን እግርህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ዕለት ነው። ሆስፒታል እያለህ እንኳ አንሶላውን አላስገለጥከንም። ለእግር ኳስ ቡድን ጓደኞችህ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁ ብለህ ነበር የጠፋኸው፤ ከቤታችን ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰው ሠራሽ እግር እንድትሠራልህ ያገኘናት እግር ሠሪዋ የምትኖረው የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ነው፤ ከሁሉም አቅጣጫ የተነሱ ፎቶዎችና ቪዲዮ ላኩልኝ ብላ ነበር። ስልኬን ይዤ ስዞርህ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ስጨርስ «እትዬ፣ ከእሷ በቀር ማንም አያየውም አይደል?» አልከኝ።

«ማንም!» አልኩህ። እንዴት አፌን ሞልቼ እንደተናገርኩ!

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ በኢሜይል አያይዤ ልልከው ስል አልቀበልም አለኝ። ከልክ በላይ ትልቅ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት የጸሐፊነት ዘመኔ እንዲህ ሲለኝ የማደርገውን አደረግኩ፤ በታተንኩት። ስምንት ኢሜይል። አንደኛው ሄደ፣ ሁለተኛው ሄደ፣ እንዲያ እንዲያ እያልኩ ስድስተኛው ላይ ደረስኩ። የአድራሻውን ሁለት ፊደል ስጽፍ ኮምፒውተሩ የቀረውን ራሱ ሞላው። የሞላው የሠሪዋን አልነበረም፤ የግጥሚያ ፕሮግራም እየተየብኩ የምልክበትን የቡድናችሁን የጋራ አድራሻ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው።

አንተን «ኮምፒውተሩ ነው» አልኩህ። እማዬንም እንደዚያው። እውነቱን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ ከጓደኛዬ ጋር ስለ ሳሎን መጋረጃ ቀለም እያወራሁ ነበር። ቀና ብዬ ባይ ኖሮ አድራሻውን አነበው ነበር። አላየሁም። ኮምፒውተሩ ምን በወጣው!

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ መልቀሙም አልሆነልኝ። ለእያንዳንዱ እየደወልኩ «በፈጠረህ አጥፋው» ስል ግማሹ አይቶታል፣ አንዱ ለሌላው አስተላልፎታል። ከምሳ በፊት ስልክህ «አይዞህ ጀግናው» በሚል መልእክት ተሞላ። ከልባቸው ነው ያሉት፤ ያ አይዞህ ግን ከስድብ በላይ እንደቆረጠህ ፊትህ ላይ አይቻለሁ። ያልከኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ገመናዬን ነበር አደራ ያልኩሽ።» ከዚያ እግሩንም ተውከው፤ «ክራንች ይበቃኛል» ብለህ በሳምንቱ ከተማ ቀየርክ።

እሺ። አሁን ጉዱን ልንገርህ።

መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ አለ፤ ቁጥቡ ነው የምንለው። «እንደምን አደርክ» ስትለው ራሱን ነቅንቆ የሚያልፍ፣ ቃል ሲያወጣ የሚያመው የሚመስል ሰው ነው። ባለፈው ወር የአንድ ትልቅ ሕንፃ በሮችና መስኮቶች ንድፍ በሙሉ ለደንበኛ እንድልክ ታዘዝኩ። ከአንተ ወዲህ ኢሜይል በላክኩ ቁጥር አድራሻውን አምስት ጊዜ ነው የማነበው፤ አመሌ ግን አለቀቀኝም፣ መበታተን ጀመርኩ። ቁጥቡ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየከፋፈልኩት ነዋ! ትልቅ ነው፣ አይሄድም።»

«መሄድ የለበትም» አለኝ። «አንድ ቦታ ይቀመጥ። የሚፈልገው ሰው እሱ ጋ ይምጣ።»

ከዚያ ወንበር ስቦ አሳየኝ። ፋይሉ ገና ከኮምፒውተሬ ሳይወጣ ይቆለፋል። ተቆልፎ ኢንተርኔት ላይ ያለ ማስቀመጫ ውስጥ ይገባል። ለደንበኛው የሚላከው ሊንኩ ብቻ ነው፤ አንድ መስመር ጽሑፍ። መክፈቻው የይለፍ ቃል በሌላ መንገድ ይነገረዋል። ያን ሁሉ ንድፍ፣ ስንት ቀን በታትኜ የምልከውን፣ አንድ ሳይጎድል ዋጠው። እኔን የያዘኝ ግን ትልቅነቱ አልነበረም።

«የማስቀመጫው ባለቤቶችስ አያዩትም?» አልኩት።

«እነሱ ጋ ያለው የተቆለፈ ነገር ነው። ቁልፍ የላቸውም።»

«አንተስ?»

«እኔም የለኝም።»

«ብሳሳትስ? ሊንኩን ለማይሆን ሰው ብልከውስ?»

ዞር ብሎ አየኝ። «የይለፍ ቃሉን ካላወቀ አይከፍተውም። አንቺም እዚህ ጋ ተጭነሽ ትዘጊበታለሽ። ያልተከፈተ ነገር ይመለሳል።» ከወንበሩ እየተነሳ ጨመረ። «ከፍቶ የወሰደውን ሰው ግን የሚይዘው ታማኝነቱ ነው። ለእሱ ማሽን የለም።»

ወንድሜ፣ ከአፍ የወጣ ቃልና ከእጅ የወደቀ እንቁላል አይመለስም ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሴት ነኝ። የላኩት ነገር ይመለሳል ሲለኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ስወጣ ቁጥቡ ጠረጴዛዬ ላይ ውኃ አስቀምጦልኝ ሄዷል።

ያን ዕለት ለአንተ ልጽፍ ወረቀት አወጣሁና ተውኩት። ደግሞ በሰው ወሬ ላታልልህ? መጀመሪያ በራሴ ልሞክረው አልኩ።

ለእግር ሠሪዋ ደወልኩላት። አስታወሰችኝ! «ሰባት ደርሶኝ ስድስተኛው የጎደለው» አለችኝ። ሰባቱን ምን እንዳደረገቻቸው ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት። «ታካሚው ትቶታል ስትይኝ ያኑ ቀን አጥፍቻቸዋለሁ፤ ባለቤቱ ያልፈቀደውን አላስቀምጥም» አለችኝ። አሁን ፎቶ ማንሳት ቀርቷል፤ እግርን ዙሪያውን በብርሃን የሚቀርጽ መሣሪያ መጥቷል። እሱ በቀረጸው ልክ ነው የምትሠራው። «የራሴን እግር ልላክልሽ?» አልኳት። ሳቀች። «ጤነኛ እግር ልኮልኝ የሚያውቅ የለም፤ ላኪው» አለችኝ።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሴትዮዋ «ከወገብሽ በታች ልብስሽን አውልቂና ይህን አገልድሚ» አለችኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀኝ እግሬን ዘረጋሁ። እንደ ልብስ መተኮሻ ያለች፣ ብርሃን የምትረጭ ነገር ይዛ ቀስ እያለች ትዞረኝ ጀመር። በሩ የተዘጋ መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት። እግሬ ሙሉ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ግን ሳላውቀው ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተክዬ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ሃያ ሁለት ወር ሙሉ የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ አልገባኝም ነበር።

ስትጨርስ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ጉድ በል! እግሬ ብቻውን አየር ላይ ቆሞ ይዞራል። ጅማቱ፣ የተሰነጠቀው ተረከዜ፣ ትንሿ ጣቴ ላይ ያለችው እብጠት። ከእኔ በላይ እኔን ያውቃል። ፋይሉን በፍላሽ ሰጠችኝ፤ ኢሜይል ከሚቀበለው መቶ እጥፍ ይበልጣል። ጡቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። ምን ታደርገዋለህ፣ የእትዬህ ደኅንነት ይኸው ነው!

በማግስቱ ቁጥቡ እያየኝ ቆለፍኩት፣ አስቀመጥኩት፣ ሊንኩን ላኩላት። የይለፍ ቃሉን ደውዬ ፊደል በፊደል ነገርኳት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንድ መስመር ብቅ አለች። «አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰው ተከፍቷል።» ጧት አራት ሰዓት ከሩብ። ሌላ የነካው የለም። ስንት አገር፣ ስንት ገመድ፣ ስንት የማላውቀው ማሽን አቋርጦ ሄዶ፣ ያየችው ሴት አንድ ነች። መስመሯን ደጋግሜ አነበብኳት። ሰው የሰውን ገመና እንዲህ አድርጎ ሊሸፍን የሚችልበት ዘዴ መፈጠሩ ገረመኝ። በዚህ ዓለም ላይ ሁሉም ሰው ወሬ አቀባይ ነው እያልኩ ስኖር፣ የሆነ ቦታ ሰዎች ተቀምጠው ይህን አስበውበታል። ለአንተ እንዳሰቡልህ ነው የቆጠርኩት።

ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ።

«የቀኝ ጫማሽ በውጪ በኩል እየተበላ አያስቸግርሽም?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«እግርሽ። ቁርጭምጭሚትሽ ዱሮ ተጎድቷል፣ ሳይታሽ ነው የዳነው። ቆመሽ ሰው ስትጠብቂ ክብደትሽን በግራ ነው የምታሳርፊው።»

በዓይኗ አይታኝ አታውቅም እኮ! ከሦስት ቀን በኋላ በዚያው መንገድ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ማሽኗ ከደረቀ የፕላስቲክ አረፋ ቀርጾ ያወጣው ነጭ እግር ጠረጴዛዋ ላይ ቆሟል። የእኔ እግር! ትንሿ እብጠት እንኳ አልቀረችም። ከአጠገቡ ሠሪዋ በጠመኔ ጽፋለች፣ «ይህ መሄድ ይችላል።» እንዲያው ልቤ ምን እንደሆነ ልነግርህ አልችልም። በአንተ እግር ቦታ የቆመ መሰለኝና ተነስቼ ቆምኩ፤ ቢሮ መሆኔንም ረሳሁት።

በሰባተኛው ቀን ሊንኩን ራሴ ብነካው «ጊዜው አልፏል» አለኝ። ሠሪዋም የእኔን ፋይል አጥፍታ ነገረችኝ። ነጩን እግር ግን ማስታወሻ ይሁነኝ ብዬ እንዲላክልኝ ጠየቅኳት፤ እማዬ ስታየው ምን እንደምትል ፈርቻለሁ።

እንግዲህ ያደረግኩትን ልንገርህ። በስምህ አንድ ማኅደር ተከፍቷል። የአድራሻው መስመር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባለችው ቁራጭ ወረቀት ላይ አለች። ማኅደሩ ማስገባት ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ አንተ ታስገባለህ፣ የምትከፍተው ሠሪዋ ብቻ ነች። እኔ ከውስጡ ወጥቻለሁ፤ ቁጥቡ እንዴት ራሴን እንደማስወጣ አሳይቶኝ በገዛ እጄ ነው የወጣሁት። ከዚያ ላረጋግጥ ብዬ ልገባ ሞከርኩ። ከለከለኝ። እኔን፣ ያቋቋምኩትን ሰው! ደስ ስላለኝ ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሞ ከለከለኝ።

አንተ ባለህበት ከተማም መሣሪያው አለ፣ ጠይቄያለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ጧት ነው፤ የምትቀርጽህን ሴት በሩን ዝጊልኝ ብትላት ትዘጋልሃለች። ፋይሉን ይዘህ ሱቅህ ትገባለህ፣ ራስህ ታስገባዋለህ። በእኔ እጅ ምንም አያልፍም። ባትፈልገውም ማኅደሩ ባዶውን ይቀመጣል፤ ማንም ለምን አይልህም።

የቀረችው የይለፍ ቃሏ ነች። አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ናት፤ እዚህ ወረቀት ላይ አልጻፍኳትም። ሊንኩና ቁልፉ በአንድ መንገድ አይሄዱም፤ ደንቡ ነው። ለእማዬ ነግሬ ብልካትም ከሦስተኛው ፊደል በኋላ የራሷን ትጨምርበታለች። ሠሪዋም አላት፤ ትነግርሃለች። በአጭር መልእክት ልልክልህም እችል ነበር። እውነቱን ልንገርህ አይደል? አልልክልህም። መዋሸት ትቻለሁ፤ ሰበብ መፈለግ ግን አልተውኩም።

ስለዚህ ደውልልኝ። ስላለፈው አላነሳም፣ አላለቅስም፣ እንዴት ነህም አልልህም። አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያልኩ እነግርሃለሁ። አንተ ምንም መናገር የለብህም። እየጻፍክ መሆንህን በትንፋሽህ አውቃለሁ።

እትዬህ