ሁለተኛው ፈራሚ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 12/98፣ ጠዋት
ዛሬም አረንጓዴ ጄሎ፣ ያ የሚንቀጠቀጥ የሆስፒታል ጣፋጭ። ማስታወሻዬ፣ ከሞትኩ ገዳዬ ጄሎ መሆኑን መስክሪልኝ። ሆዴ ውስጥ የቀበሩት ፓምፕ ቱክ፣ ቱክ ይላል፤ የደከመውን ልቤን ሥራ ተረክቧል። ከጎኔ የወጣውን ቱቦ ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ጄሎው ግን ይብሳል።

ነርሷ እንዳለችው የሚተከልልኝ ልብ እስኪገኝ ቤቴ ሆኜ መጠበቅ እችላለሁ። ግን ሁለት ሰዎች ሠልጥነው መፈረም አለባቸው። ፓምፑ ድንገት ከቆመ በእጅ ፓምፕ እየጨመቁ በሕይወት የሚያቆዩኝ እነሱ ናቸው። አንዷ የእህቴ ልጅ ሜሮን ናት፤ ከሳን ሆዜ እየተመላለሰች ጨርሳለች። ሁለተኛው እስከ ዓርብ ካልተገኘ እዚሁ ነኝ። ወርም ይሁን ዓመት።

ረቡዕ፣ 14
ከኦክላንድ ቸርች አሥራ አራት ሰው መጣ። ጸለዩ። አለቀሱ። ጨው እንደተከለከልኩ እያወቁ ጨው የበዛበት ዶሮ አመጡ። ሁሉም አለንልህ አሉ። ሜሮን የሚፈረመውን ወረቀት ስታወጣ አንዱ የሥራ ሺፍት አለበት፣ አንዷ የፓርኪንግ ሰዓቷ አልቋል። ክፍሉ ወና ሆነ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ በእጄ ብትሞትብኝስ አለኝ። እሱስ አልዋሸም። ሌሎቹ አንገሸገሹኝ።

«ጋሼ፣ ታደሰን ልጠይቀው?» አለች ሜሮን። ሳቅሁ፤ ቱቦው ጎተተኝ። ታደሰ! በቸርቹ የደም ልገሳ ቀን መርፌው ሳይነካው ዘጭ ያለው! ከዚያ ጀምሮ «አምቡላንስ» ነው የምለው። ባለፈው ገና ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት «ብትወድቅ» ብዬ እግሩ ሥር ትራስ አነጠፍኩለት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለን።
እንዳትጠይቂው አልኳት።

ሐሙስ
ስምንት ቦታ ደወልኩ። ኮል አደርግልሃለሁ ያለ ሁሉ ጠፋ። ተጸየፍኳቸው። ከዚያ ትራሱ ትዝ አለኝ። ሰው ሲስቅ ታደሰ ጫማውን ያይ ነበር። እኔ ደግሞ ትራሱን በእጄ እየደበደብኩ አለሰልሳለሁ። ራሴንም ተጸየፍኩ።

ዓርብ፣ 9 ሰዓት ተኩል
የሥልጠናው ምዝገባ 10 ሰዓት ላይ ያበቃል። ነርሷ የእጅ ፓምፑን ሳጥኑ ውስጥ መልሳለች። ሜሮን መስኮቱ ጋ ቆማለች። ጄሎ መጣ። ቀይ ነው። የምሰድብበት አቅም የለኝም።

በር ተንኳኳ።

ታደሰ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላብ አጥምቆታል፣ በአንድ እጁ የበሩን መቃን ጨብጧል። ሜሮንን አየኋት፤ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ታደሰ ቱቦውን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ብብቱ ሥር ትራስ አለ።

«ብወድቅ የራሴን ይዣለሁ» አለ። «ፓምፑ የቱ ነው?»