ሦስት መጡ፣ ሁለት ተመለሱ

ለእማሆይ አክስቴ፤

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ቁርጥማቱ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ስግደት ላይ «እህህ» እያልሽ እናቶቹን ትረብሻለሽ? የገዳሙ ሰው ሁሉ፣ ያቺ ደወል ስትደውል እንቅልፍ የሚወስዳት እናት እንኳ ሳትቀር፣ እንደምን ከረማችሁ? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ከናፍቆትም ከሌላ አንድ ነገርም በስተቀር ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ስለ ሁለተኛው ነው።

እዚህ አብራኝ ያለችው እማዬ «መነኩሴ ናቸው፣ እርስዎ በላቸው» እያለች ትቆጣኛለች። ሞከርኩ፣ እጄ እምቢ አለ። እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ ንፍጤን የጠረገች ሴትዮ እንዴት አድርጋ እርስዎ ትሆናለች? ስልክ ስለማትይዢ ነው ብዕር ያነሳሁት። ትምህርቱን አጋምሼ እንደተውኩት ታውቂያለሽና በጽሕፈቴ አትሳቂ። ወይዘሮ እታለም ቅዳሜ ይበራሉ፣ ደብዳቤውን ይዘውልሽ ይመጣሉ።

የጋሽ አስፋውን በቅሎ ታስታውሻለሽ? ማኅበር ላይ ጠላ እየጠጡ ሳለ ሮጬ ገብቼ «በቅሎዎ ገደል ገባች!» አልኳቸው። ኮፍያቸውን ጥለው ሲሮጡ መሬት ላይ ተንከባልዬ ሳቅኩ። በሦስተኛው ቀን በቅሎዋ እውነትም ገደል ገባች። ያኔ አፌን በጥፊ ብለሽ «ቃል ባለቤቱን ካላገኘ አያርፍም» አልሽኝ። እጄን ይዘሽ እደጃቸው ወሰድሽኝና «እኔ ነኝ ያልኩት» አስባልሽኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ከብት አልሞተም። እኔ ግን መቼ ተማርኩ!

እዚህ ኦስሎ ዋለልኝ የሚባል ጓደኛ አለኝ። አልናብሩ በሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ እንነዳለን። ከፋሲካ በኋላ ዮሐና የምትባል ጥሩ ልጅ ያገባል፣ ነርስ ናት፣ ምን እንዳየችበት እንጃ። አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ማኑ ነው፣ እዚሁ የተወለደ፣ «አዎ» ለማለት «ያ»፣ «አይ» ለማለት «ነይ» የሚል ልጅ። ሰው አንቺን «ነይ» ሲልሽ ትሄጃለሽ፣ እሱ ግን እየከለከለሽ ነው። በዚህ አገር ሚዜ ሙሽራውን ከሠርጉ በፊት አንድ ቦታ ወስዶ ያሰቃየዋል። ለማሰቃየት ደግሞ ማን እንደ እኔ! ፊንማርክን መረጥኩ። የአገሩ ጫፍ ነው። ዛፍ የለው፣ መንገድ የለው፣ የበረዶ ሜዳ ብቻ። ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ነጭ ስለሆነ የቆምሽበት ይጠፋብሻል አሉ።

ስኪ፣ በረዶ ላይ መንሸራተቱን፣ ስለማንችል በኅዳር እዚሁ ኦስሎ አጠገብ ጫካ ውስጥ አንድ ሂተ ሄደን ተለማመድን። ሂተ ማለት የእንጨት ጎጆ ነው፣ መንገደኛ የሚያድርበት። ኖርዌጆች አንድ ደንብ አላቸው፦ ሂተ የገባ ሁሉ እዚያ የተቀመጠ ደብተር ላይ ስሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ ይጽፋል። ሰው ከጠፋ የሚፈለገው በዚያ ነው። የሦስታችንን ስም ጻፍኩና ከጎኑ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ላስደነግጥ ብዬ፣ «ሦስት መጡ፣ ሁለት ተመለሱ» አልኩበት። ማኑ ሳቀ። ዋለልኝ ግን እንትፍ እንትፍ ብሎ «አንተ ሟርተኛ፣ ያፍህን ለጠላቴ!» አለኝ። ሦስታችንም በደህና ወደ ቤታችን ገባን።

ከዚያ ጉዞውን ማሰናዳት ያዝኩ።

የአውሮፕላን ትኬት ለሦስት ቆረጥኩ፣ የመጣልኝ ለሁለት ነው። ማኑ የለም። ደወልኩ፣ አስተካከሉ። ኦከርን ሰፈር ካለ ሱቅ የበረዶ ልብስ ለሦስት ተከራየሁ፣ ካርቶኑን ስከፍት ሁለት ነው። የኔ የለም። ያን ጊዜ ሳቅኩ፣ እውነቴን ነው። ከዚያ የማረፊያው ባለቤት ኤማ፣ እዚያ ሜዳው መሐል ከባሏ ጋር የምትኖረው፣ የአልጋ ማረጋገጫ ላከችልኝ። እኔና ማኑ ብቻ። በስልክ አስተካክዪልኝ አልኳት፣ እሺ አለች፣ ደግማ ላከችው። እኔና ማኑ። ቃሉ እንደ በግ ገዢ አንዱን ሲነካ ሌላውን ሲነካ ቆይቶ ሙሽራው ላይ ቆመ።

ለዋለልኝና ለማኑ ነገርኳቸው። ማን ያምነኛል? ባለፈው ዓመት ዋለልኝን «ማዘጋጃ ቤቱ ቤትህን ሊያፈርሰው ነው» ብዬ ሶፋውን ደረጃ ላይ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ማኑ «ነይ፣ ጎበዝ፣ ይቺስ ምርጥ ናት» አለኝ። ዋለልኝ ግን አልሳቀም። «ሚዜዬ ሆነህ ልታሟርትብኝ ነው?» አለኝና ፊቱን አዞረ። ያቺ ከጥፊሽ በላይ አመመችኝ።

ብቻዬን ወደ ጫካው ሂተ ተመለስኩ፣ ያን ገጽ ልቀድደው። ደብተሩ እቦታው ነው። ገጹን አገኘሁት። የሦስታችን ስም አለ፣ ቀኑ አለ። ዓረፍተ ነገሩ የለም። አልተሰረዘም፣ አልተፋቀም። በጣቴ ስዳብሰው ብዕሩ የረገጠው ጎድጓዳ ይሰማኛል፣ ቀለሙ ግን የለም። እማሆይ፣ ከወረቀቱ ወጥቶ ሄዷል።

ሁለት ቀን አሰብኩና ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። እኔ ብቀር ሁለት ይሄዳሉ፣ ሁለት ይመለሳሉ፤ ቃሉ ሦስተኛ ከየት ያመጣል? አሞኛል አልኳቸው። ማኑ «አሁን ደግሞ በረዶው አስፈራው» ብሎ አላገጠብኝ። ሰኞ ሄዱ። ከፕሪንስዳል ፌርማታ ሆኜ ሸኘኋቸው፣ ዋለልኝ በአውቶቡሱ መስኮት እጁን እንኳ አላወዛወዘልኝም።

ትናንት፣ ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት የኤማ መልእክት ገባ። ሦስቱም በደህና ደርሰዋል፣ ለቤተሰብ ንገሩ ይላል። የእኔ ቁጥር ለቤተሰብ ተብሎ ነው እሷ ዘንድ ያለው። ያ ቀልደኛው ጓደኛቸው ባሌን እንባው እስኪፈስ አሳቀው ትላለች።

መጋዘኑ መሐል ፎርክሊፍቱን አቁሜ ደወልኩ። የልጆቹ ስልክ አይሠራም፣ ሜዳው ላይ ኔትወርክ የለም። የቤቱን ስልክ ኤማ አነሳች። ስንት ናቸው አልኳት። ሦስት አለችኝ፣ እንደ ሞኝ ቆጥራኝ። ሦስተኛው ምን ይመስላል ስላት፣ አሁን እኮ እያየሁት ነው፣ ግን ልንገርህ ስል ይጠፋብኛል አለች። ከኋላዋ ሰው ይስቃል። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። የጋሽ አስፋው ኮፍያ ሲወድቅ የሳቅኩት ሳቅ ነው።

ሁለት ይመለሳሉ። ግን የትኞቹ ሁለት? አስቢው፣ ያ ነገር የእኔን ሳቅ እየሳቀ ከማኑ ጋር ተመልሶ ቢመጣና ዮሐና ቀሚሷን ለብሳ ብትጠብቅ።

ዛሬ ጠዋት የነገ ሐሙስ ትኬት ቆረጥኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ስም። በመጀመሪያው ሙከራ ትክክል መጣ፣ ምንም አልጎደለበትም። ለኤማ ልነግራት ብደውል፣ ቀልደኛውማ ነግሮናል፣ ሐሙስ አንድ እንግዳ ይመጣል ብሎ አልጋ አስነጥፏል አለችኝ።

እንግዲህ እዚያ ደጅ ቆሜ፣ ያኔ እንዳስተማርሽኝ፣ «እኔ ነኝ ያልኩት» እላለሁ። አሁን እጄን የሚይዘኝ የለም እንጂ መንገዱን አውቀዋለሁ።

የሠርጉን ቀለበት ከእማዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ማኑ ያውቃል። ለእማዬ ሥራ ነው ብያታለሁ፣ እንዳትነግሪያት።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። ጸሎት ስታደርሺ ወልደ ሰንበትና ኃይለ ገብርኤል ብለሽ በክርስትና ስማቸው ጥሪልኝ፣ ዋለልኝና ማኑ ናቸው። የእኔን አትጨምሪ፣ ቁጥሩ እንዳይዛባብሽ። ደግሞ ከሐሙስ በኋላ በእኔ ጽሕፈት ደብዳቤ ቢመጣልሽ፣ የበቅሎዋን ስም ጠይቂው። እዚህ አልጽፈውም። የጻፍኩት ነገር ባለበት እንደማይቀመጥ አይቻለሁ።

ጉልበትሽን ቅቤ ቀቢው። ከጾሙ በኋላ ነው ያልኩት፣ አትቆጪ። እግዚአብሔር ስግደትሽን ይቁጠርልሽ፣ ዕድሜሽን ከእኔም ቀንሶ ይጨምርልሽ። በሩቁ እግርሽን ስሜያለሁ፤ ያቺ ጥፊሽም አንድ ቀርታ ከሆነ ተቀብያለሁ።

አፈኛው የወንድምሽ ልጅ