የሟች ሞክሼዬ ዕዳ

ለተከበሩ የብድርና ቁጠባ ተቋሙ የደብረ ታቦር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በየሳምንቱ ደጄን የሚያንኳኩት የዕዳ ሰብሳቢዎ ጉልበትም ጭምር፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ችግሬም ከዚሁ ይጀምራል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አቶ ዘውዱ ታደሰ የሚባሉ የጋፋት ገበሬ ለበሬ መግዣ ከተቋምዎ ተበድረው፣ ከፍለው ሳይጨርሱ ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ተበዳሪ ሲሞት ቀሪው ዕዳ በመድን እንደሚሸፈን ውላችሁ ይናገራል። እኔም ዘውዱ ታደሰ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ከተቋምዎ አንድ ብር ተበድሬ አላውቅም።

፩ኛ/ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ማሬ ባላቸው ከተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን የሞት ማስረጃ አምጥተውላችሁ ነበር። ቄሱ እንደ ልማዳቸው በፍትሐቱ ላይ በጠሩበት በክርስትና ስም ወልደ ጊዮርጊስ ብለው ጻፉ፤ ቀበሌውም ያንኑ ገልብጦ አተመበት። ቢሮዎ በጥልቀት መርምሮ፣ የሞተው ወልደ ጊዮርጊስ እንጂ ዘውዱ አይደለም ሲል ወሰነ። ዘውዱ ካልሞተ በሕይወት አለ፤ በሕይወት ያለ ዘውዱ ታደሰ ሲፈለግ ደግሞ እኔ ተገኘሁ። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የጻፈልኝ ተማሪ ስላልነበረ አመሰግናለሁ።

፪ኛ/ ተበዳሪው እንዳልሆንሁ ላስረዳ ብመጣ፣ በመስኮቱ ያሉት ወጣት «መምህር፣ በዚህ ዕዳ ላይ አቤት ማለት የሚችለው ተበዳሪው ብቻ ነው» አሉኝ። ተበዳሪው ነኝ ብልስ ብዬ ብጠይቅ፣ «እንዲያማ ከሆነ ይከፍላሉ» አሉ። ስለ ትሕትናቸው ያመስግኑልኝ።

፫ኛ/ ልጄ ርብቃ እብናት ላይ በገንዘብ ያዥነት ተቀጥራ ዋስ ተጠየቀች። ከእኔ በቀር ደመወዝም ጡረታም ያለው ዘመድ የላትም። ልፈርምላት ብቀርብ ስሜ ዕዳ ከማይከፍሉ ሰዎች ተራ ተገኘ። ያው ወጣት ጥቂት ብከፍል ስሜ እንደሚነሣ መከሩኝ፤ ለልጄ ስል ከጡረታዬ ከፈልሁ። ደረሰኙን ይዤ ብመለስ፣ የራሱ ያልሆነ ዕዳ የሚከፍል ሰው ስለሌለ ዕዳውን አምነዋል ተባልሁ። ብከፍልም ባልከፍልም ባለዕዳ፣ ዝም ብልም ብናገርም ባለዕዳ ሆኜ ቀረሁ።

ርብቃ እስከ ፊታችን ዓርብ ዋስ ካላቀረበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የአያቴን ስም በመዝገብዎ ላይ ካለው ከሟቹ አያት ስም ጋር ማስተያየት ከሥራዎ የማያስተጓጉልዎ ከሆነ፣ ከዚያ ቀን በፊት እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ አሁን ደግሞ በዕዳው ሟቹን የመሰልሁ፣ የማልሞትልዎ አገልጋይዎ

ዘውዱ ታደሰ ወርቁ
ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ታቦር

ማስታወሻ፦ እኔ ስሞት ዕዳው በመድን እንደሚዘጋ ስለተረዳሁ፣ በፍትሐቴ ላይ ዘውዱ ብለው እንዲጠሩኝ ንስሐ አባቴን ለምኜ ነበር። «በሰማይ የሚታወቁት በገብረ ሥላሴ ነው» ብለው እንቢ አሉኝ። ስለዚህ ሰብሳቢዎ ከቀብሬ በኋላም እንዳይቀሩ ይንገሩልኝ። በር የሚከፍትላቸው አይጠፋም፤ ርብቃ ሥራ ስለማይኖራት ቤት ትሆናለች።