ከጅረቱ ማዶ ለሚሰማ ጥሪ

ለምወድሽ እህቴ ሳቭሳን፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ዳቭላትሾና ልጆቹስ ደህና ናቸው? የሌኒንግራድ ብርድ እንደ አምናው ጉልበትሽን አላስቸገረሽም? እኛ ናፍቆትሽ ከመበርታቱ በቀር ደህና ነን።

እናታችን የፊታችን ሐሙስ እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ልታስወጣ ሆሮግ ሆስፒታል ትገባለች። ሐኪሙ ትንፋሿ እንደሚቀልላት፣ ድምፅዋ ግን ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮናል። ስለዚህ ቅዳልኝ ያልሽኝን፣ ጀንበር ስትጠልቅ ከጅረቱ ማዶ በልጅነታችን ትጠራን የነበረውን ጥሪ ለመቅዳት ሦስት ቀን ደከምኩ። መቅጃውን የተዋስኩት ካስተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው።

መጀመሪያ ማይክሮፎኑን ከአፏ አንድ ስንዝር ላይ ያዝኩት። «ላጉርሰው ወይስ ላናግረው?» ብላ ሳቀች። ስትጠራ ድምፅዋ ተሰነጣጠቀ፤ ትንፋሿም ነፋስ ሆኖ ገባ። አሥር እርምጃ ባርቀው ጅረቱ ዋጣት። ሁለት እርምጃ ላይ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ሆኖም ቀስ ያለ፣ ለጎረቤት ሰላምታ የምትሰጥ የሚመስል ነበር። ጮክ በይ ብላት ተቆጣች። «አጠገቤ በተቀመጠ ሰው ላይ ልጩኽ? ነውር አይደለም? አርባ ዓመት የሰው ልጅ በፈተና ስትለካ ኖረህ፣ ዛሬ ደግሞ እናትህን በስንዝር!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የማይክሮፎኑን ርቀት ለክቼ እሷ የምትጠራውን ሰው ርቀት ረስቼዋለሁ።

ትናንት ማይክሮፎኑን ሁለት እርምጃ ላይ፣ ትንፋሿ እንዳይመታው ወደ ጎን አድርጌ አቆምኩት። መቅጃውን ከፍቼ ድልድዩን ተሻገርኩና፣ እንጆሪ እየበላሽ አልመጣም ትይበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ቆምኩ። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ «ሳቭሳን ሆይ! አንቺ ሆዳም! ሾርባው ቀዘቀዘ!» ብላ ተጣራች። የጠራችው አንቺን ነው። ሸለቆው ሁሉ ያንን ዘመን መሰለኝ፤ አባታችን ከጓሮ ብቅ የሚል ይመስል ዞር ብዬ አየሁ።

ካሴቱ እንዳይበላሽ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን «መጣሁ!» አልኩ። ከሩቅ የሚሰማሽ ቀጭን ድምፅ የኔ ነው፤ ላጠፋው አልቻልኩም።

ስመለስ «ምነው አንተ መለስክ? እሷን ነው የጠራሁት» አለችኝ።

የካሴቱ ሁለተኛ ፊት ባዶ ነው። መልስሽን እዚያ ላይ ቅጂላት፤ ከማይክሮፎኑ ሁለት እርምጃ ራቂ፣ እሷ ግን ከጅረቱ ማዶ እንዳለች አድርገሽ ጩኺ። ድምፅዋ ቢለወጥም ጆሮዋ ደህና ነው።

ዳቭላትሾን በጣም እንደምናፍቀው ንገሪልኝ። ፋርሩህን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ለላሎ የደረቀ እንጆሪ ልኬላታለሁ። ባለቤቴ ጉልኑር አብዝታ ሰላም ብላሻለች።

ወንድምሽ ቂማትሾ
ባርታንግ ሸለቆ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 1988