አምስት ሺህ ሊትር ሙጫ ድንጋይ ሆኖ ማን እንደተሸለመበት

ለተከበሩ የሙጫ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እየጠየቅሁ፣ የታንኩ ክፍል ሽታ ከጽሕፈት ቤትዎ እንዳይደርስ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አሥራ አራት ዓመት በላቦራቶሪዎ፣ ሁለት ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ዕቃ ሙጫ ስሞክር የኖርሁ ሠራተኛዎ ነኝ፤ ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ የዋና መሐንዲስዎ የሚስቱ ወንድም ብል ይበልጥ ያውቁኛል።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. አዲሱ ሙጫ ወደ ትልቁ ታንክ ሊዛወር ሲል የጻፍሁትን ሳያነቡ ስላለፉልኝ አመሰግናለሁ። ሙጫውን የሚያደርቀው ማጠንከሪያ በትንሹ ዕቃ በሁለት ሴኮንድ ይዋሃዳል፤ በአምስት ሺህ ሊትር ግን ደቂቃ ይፈጃል፤ እስኪዋሃድም የወደቀበት ቦታ ላይ ግሎ ይጠጥራል፤ ስለዚህ ከማማሰያው ክንፍ አጠገብ በቀስታ ይንጠባጠብ ብዬ ነበር። አማቼ ዋና መሐንዲሱ በስብሰባው ላይ «ድስቱን ማተለቅ ነው እንጂ ምን ፍልስፍና አለው» ሲል፣ ከሁሉ ቀድመው የሳቁት እርስዎ ነበሩ።

2ኛ. ማጠንከሪያው በአማቼ ትእዛዝ ከላይ በአንድ ጊዜ ተደፋ። ከታንኩ አፍ ጭስ ወጣ፤ ማማሰያው አቃሰተ፤ ቆመ። መካከሉ ድንጋይ፣ ግርጌው ውሃ ሆነ። አሥራ አንድ ቀን በመሮና በመዶሻ ስንፈለፍል የአንድ ባልደረባችን ጣት ተሰበረ። አጣሪ ኮሚቴውን እንዲመራ አማቼን በመምረጥዎ ጥበብዎን አደንቃለሁ፤ ቁስሉን ከወጊው በላይ ማን ያውቀዋል።

3ኛ. ኮሚቴው ከሦስት ሳምንት ምርምር በኋላ፣ ማጠንከሪያው ከክንፉ አጠገብ በቀስታ መንጠባጠብ እንዳለበት ደረሰበት። ከጽሑፌ የፊደል ግድፈቱ እንኳ አልታረመም። በሁለተኛው ሙከራ ቧንቧውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ ሙጫው እንደ ማር ወረደ፤ ሜዳልያው ግን ካማቼ አንገት ገባ። እኔም አጨበጨብሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ቀንቻለሁ። ቅናት እንቅልፍ ይነሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ ግን ምሳ ሰዓት ላይም አይለቀኝም። እናቴ የሽልማቱን ፎቶግራፍ ከእኔ የምረቃ ፎቶግራፍ በላይ ሰቅላ፣ «አንተም እንደ እሱ ብትጣጣር ምናለ» አለችኝ። ደስታዋን ልነጥቃት አልወደድሁም። እህቴ ግን ያንን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አጠገቤ ስለነበረች፣ በባሏ የሽልማት ግብዣ ቀን ዐይኔን ማየት አቃታት።

ወንበርዎን ሳይሆን ያማቼን ወንበር እየተመኘሁ፣ ዕድሜና ጥሩ መነጽር እንዲሰጥዎ በመለመን፣ እጅ የምነሳዎ
የላቦራቶሪው ሰውዬ

ማስታወሻ፦ ሃያ ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንክ እንዳዘዙ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። አማቼ ትናንት ቤቴ መጥቶ፣ ማማሰያው በምን ፍጥነት ቢዞር እንደሚሻል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «በጽሑፍ ጠይቀኝ፤ ፈርምበትም» አልሁት። እስካሁን ብዕር እየፈለገ ነው።